ጠበል መርጫው ሻጋታ

ጠጋ በሉማ፤ የዛሬው ወሬ ስለ ሻጋታ ነው። አፍንጫችሁን አትያዙ! ዘመኑንም በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ።

በፍሎረንስ ከተማ ፒዬር አንቶኒዮ ሚኬሊ የሚባል ሰው ነበረ፤ በ1679 የተወለደ፣ የቱስካኒው መስፍን የዕፅዋት ሊቅ። ሌላው የሻገተ ሲያይ አውጥቶ ይጥላል፤ እሱ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስቀምጣል። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? አንድ ቀጭን ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አናቱ ድቡልቡል፤ ከድቡልቡሉ ዙሪያ ደግሞ ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው በየአቅጣጫው ተዘርግተዋል። ቁርጥ የካቶሊክ ካህናት ጠበል የሚረጩበት ዘንግ! በላቲን መርጫው «አስፐርጊሉም» ይባላልና ሻጋታውን «አስፐርጊለስ» አለው። ሌላውን የወይን ዘለላ ቢመስለው «ቦትራይቲስ» አለው። ይህን ሁሉ በ1729 በመጽሐፍ አወጣው።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ስም ማውጣቱ አይደለም። በዚያ ዘመን ሻጋታ ከብስባሽ በራሱ ይፈጠራል ይባል ነበር። ሚኬሊ ያን ብናኝ ወስዶ በተቆረጠ ሜሎንና በፒር ፍሬ ላይ ዘራው፤ አዎ፣ እንደ ጤፍ ዘራው! የበቀለውም ያው የዘራው ሆነ። ብናኙ ዘር ነው ማለት ነው፤ ዛሬ ስፖር የምንለው። የጥቁሩ አስፐርጊለስ ስፖር 250 ያህሉ ቢደረደር አንድ ሚሊሜትር ቢሞላ ነው።

አሁን ነገሩ ይወሳሰባል። እንደ አስፐርጊለስ ያለ አንዳንዱ ፈንገስ ሁለት ዓይነት ፍሬ አለው። ያለ ጋብቻ ሲራባ መርጫውን ያቆማል፤ ሲጋባ ደግሞ ጥቃቅን ከረጢቶች የታጨቁበት ድቡልቡል ፍሬ ይሠራል። ከረጢቱን «አስከስ» ይሉታል፤ በግሪክ ስልቻ እንደማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ስምንት ስፖር አለ። ይህን ድቡልቡል ፍሬ ያዩ ሊቃውንት ሌላ ፍጥረት መስሏቸው «ዩሮቲየም» ብለው ሰየሙት። በ1854 አንቶን ደ ባሪ የተባለ የ23 ዓመት ጀርመናዊ መርጫውም ድቡልቡሉ ፍሬም ከአንድ የሻጋታ ክር እንደሚወጡ አሳየ።

ታዲያ ስሙ አንድ ሆነ? የት ሆኖ! እንደኛው ሰው የክርስትና ስምና የቤት ስም ይዞ ኖረ፤ ኋላም የስም አወጣጥ ሕጉ ራሱ ፈቀደለት። በ2011 ሜልበርን ላይ የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሊቃውንት ናቸው «ለአንድ ፈንገስ አንድ ስም» ብለው የቆረጡት። ከዚያ ወዲያ ዩሮቲየም ወደ አስፐርጊለስ ተጠቃለለ፤ እንደሱ ያለ ሌላ ስም፣ ኤሜሪሴላም፣ ተከተለው። መርጫው ረታ።

ያ ጥቁሩ አስፐርጊለስ እኛም ቤት አለ፤ ሰንብቶ በሻገተ እንጀራ ላይ ከሚገኙት አንዱ ነው። ሞሰቡ ውስጥ ዘንጉን አቁሞ፣ ማንም ሳይጠራው ይረጫል።