የመነኮሰችው ድመትና የታገደው ሳቅ

አቦምሳ የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ቆላ በሚወርድበት ዳር ያለች ከተማ ናት። እዚያ ስናድግ ማታ ማታ የምንሰማው ተረት ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ነበር፤ ድመቷ ግን በሁለቱም ቋንቋ ያችው ብልጥ ናት። አይጦቹ ነቅተውባት አልያዝ ሲሏት ትመነኩሳለች። መቁጠሪያ ታንጠለጥላለች፣ ዐይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ሥጋ እርም አልኩ ትላለች። የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል፤ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንዲሉ። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳቅ ያፍናቸዋል። ድመቷ ማን እንደሆነች ግን ነግረውን አያውቁም። ብቻ መቁጠሪያ ከእጁ የማይለየው አንድ የሰፈራችን ባለጸጋ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ በአክብሮት እጅ ነሥተው ያሳልፉትና፣ ራቅ ሲል እንደገና ይስቃሉ። እኛም ገባን።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የላፎንቴንን ተረቶች ሳገላብጥ ያችው ድመት ጠበቀችኝ። እንዴ! ፈረንሳዊው በፈረንጆች 1678 ባሳተመው ክፍል ውስጥ ጥንቸልና ሸለምጥማጥ በአንድ ጉድጓድ ይካሰሳሉ። ጥንቸሉ ከአባት የወረሰው ርስቱ መሆኑን ይናገራል፤ ሸለምጥማጥ ደግሞ ቀድሞ ለያዘ ነው ትላለች። ለዳኝነት ወደ አንድ ወፍራም ባሕታዊ ድመት ይሄዳሉ። ድመቱም ጆሮዬ ደክሟልና ጠጋ በሉ ይላቸዋል፤ ሲጠጉ ሁለቱንም ይበላቸዋል። አርሲ ውስጥ ለተወለደ ሰው ይህ የፈረንሳይ ተረት ብቻ አይደለም። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የጉድጓዱ ክርክር ምን እንደሚመስል ከሽማግሌዎቻችን ሰምተናል።

ታዲያ ይህንኑ ላፎንቴንን ይዞ ወደ መድረክ የወጣ ኢትዮጵያዊ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነቱ ሩሲያ ሄዶ የመድፈኛነት ትምህርት የተማረ ሰው ነው። አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ውስጥ «ቴአትር» ተብሎ የቀረበውን ዘፈንና ጭፈራ ቢያይ፣ ቴአትር እንዲህ አይደለም ብሎ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፈ። ጊዜው 1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ተውኔታችን የተጀመረው በነገሥታት ገድል ወይም በቅዱሳን ታሪክ ሳይሆን በአውሬ ቀልድ ነው።

ተመልካቾቹ መኳንንቱ ነበሩ። መድረክ ላይ አውሬ ይናገራል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን ራሱን ሰማ። ሥራው የመንግሥቱን አስተዳደርና ጉቦኝነት ይነካል ተባለ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። ሳንሱር ሰነፍ አንባቢ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የዚያን ቀን ከሁሉ ቀድሞ የገባው እሱ ነው።

የአማርኛ ተውኔት እንደገና ያንሰራራው ከ1923 ዓ.ም. ዘውድ መጫን ወዲህ፣ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ብዕር ሲያነሡ ነው። አውሬዎቹም ከጊዜ በኋላ በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በኩል ትምህርት ቤት ገቡ፤ ግጥሙ ያማረ ነው፣ ነገር ግን እያንዳንዱ እንስሳ ምክሩን ከጅራቱ ጋር አሥሮ ነው የመጣው። ድመቲቱ ላይ ቃጭሉ የታሰረው ያኔ ይመስለኛል።

ተክለ ሐዋርያት ራሱ ግን አልተጣለም። ከአርሲ ተራሮች ወደ ምሥራቅ በሚቀጥለው በጨርጨር አገረ ገዢ ሆነ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቀ፤ በ1928 በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገሩ ተከራከረ። ሕገ መንግሥት እንዲጽፍ ተፈቀደለት፤ የከለከሉት ኮመዲያውን ነው። ከሁለቱ የትኛው እንዳስፈራቸው እናንተ ፍረዱ።

ጥፋት ካለበትም መኳንንቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማሳየቱ ነው። አያቴ ቢሆኑ ሰውየው አጥሩን አልፎ እስኪርቅ ይጠብቁ ነበር።