የተዋናይ ሥራ ከጉባኤ ቤት ጥላ እስከ ራዲዮ

የቴአትር ሥራ ወደ አገራችን የገባው ከባሕር ማዶ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ አባባል ከፊሉ እውነት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ ተመልካቹ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለመደ አልነበረም። ነገር ግን ድምፅን በልክ ማውጣት፥ ረዥም ቃል ሳያዛንፉ ማሰማት፥ የእጅንና የእግርን እንቅስቃሴ ከዜማ ጋራ ማስማማት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ያለው አገር ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፥ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ከስማዳም ሆነ ከእስቴ፥ ከሩቅ አገርም ቢሆን የሚመጣው ተማሪ ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ ዜማውን በቃሉ ያጠናል። አንዲት ምልክት ቢስት መምህሩ ያርሙታል፤ ያለ ጽናትም የሚመሰክር የለም። በእርግጥ ማኅሌትና ቴአትር አንድ አይደሉም፤ ያኛው ምስጋና፥ ይኸኛው የሰው ኑሮ መስተዋት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ለቃል በሚሰጡት ክብር ነው።

ሆኖም ተዋናይ በአገራችን ክብር ያገኘው ዘግይቶ ነው። በግብዣ ላይ አዝማሪውን እየሸለመ በጉርብትና ግን የሚንቀው ሰው፥ የቴአትር ተጫዋቹንም በዚያው ዓይን ያየው ነበር። ስለዚህ ሴቶች ወደ መድረክ ለመውጣት ስለ ተቸገሩ፥ በመጀመሪያው ዘመን የሴትን ጠባይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፥ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን ይህን አስተያየት ቀስ በቀስ ለወጡት። ጨዋታው ከግብዣ ወጥቶ ሥራ ሆነ።

ከዚህ ሥራ ከወጡት ሰዎች መካከል አቶ ደበበ እሸቱ አንዱ ናቸው። በአገር ውስጥ መድረክ ከታወቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተጫውተዋል። ሁለተኛው አቶ ወጋየሁ ንጋቱ ናቸው። እኚህ ሰው በመድረክ የነበራቸው ችሎታ የተመሰገነ ቢሆንም፥ ስማቸውን ቴአትር ቤት ወደሌለበት አውራጃ ሁሉ ያደረሰው ራዲዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርኩ፥ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፥ የጉዱ ካሣን ምፀት፥ የሰብለ ወንጌልን ኀዘን አንድ ጉሮሮ ለየብቻው ያሰማ ነበር። መጋረጃ የለም፤ ልብስ የለም፤ ቀለም የለም። ያለው ድምፅ ብቻ ነው።

የታሪኩ ቦታ ጎጃም ነው፤ ጎጃምን ከእስቴና ከስማዳ የሚለየው ደግሞ ዐባይ ነው። በዛብህ የቅኔ ቤት ተማሪ እንደ ነበረ ሁሉ፥ በጋይንት አኩፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ ያልተጠለለበት ቤት እምብዛም የለም። ስለዚህ ለዚህ አገር ሰው ትረካው የሩቅ ወሬ ሳይሆን የገዛ ልጁ ኑሮ ነው። ማንበብ የማይችለውም ገበሬ በጆሮው መጽሐፍ አነበበ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የመድረክ ጨዋታ መጋረጃው ሲዘጋ ያልፋል፤ ተዋናዩም ሲያርፍ ከተመልካቹ ትዝታ በቀር የሚቀር የለውም። የአቶ ወጋየሁ ድምፅ ከሞታቸው በኋላ የኖረው በቴፕ ስለ ተቀረጸ ነው። ዛሬ ተዋናዮቻችን በቴሌቪዥን ድራማና በንግድ ማስታወቂያ ጭምር ይታያሉ። ማስታወቂያው እንጀራ ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን ለሳሙናና ለዱቄት የተከፈለውን ያህል ድምፅ ለመጻሕፍታችን ባይከፈል ጉዳቱ የትውልድ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ድምፅ አሰምተው እንዲያነቡ ቢያለማምዱ፥ የቴፕ ክሮች በእጃቸው ያሉ መሥሪያ ቤቶችም አቧራ ሳይበላቸው ቢጠብቋቸው፥ ለቃል የሚሰጠው ክብር ከጉባኤ ቤት ውጭም ይጸናል።