«ኢንፍላክስ» እና «ፍልሰት»፤ የሁለት ቃላት ታሪክ ከአቃቂ በሰቃ አንጻር

እንግሊዞች «ኢንፍላክስ» የሚሉት ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ፍልሰት» ሲባል እናያለን። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው የታሪክ ተመራማሪን ወደ ስሕተት ሊመራው የሚችል ስለሆነ፥ አቃቂ በሰቃን ምሳሌ አድርገን ጥቂት ልናመለክት እንወዳለን።

የእንግሊዝኛው ቃል ምንጩ ላቲን ነው፤ «ኢን» ወደ ውስጥ፥ «ፍሉዌሬ» መፍሰስ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፥ መነሻው የውሃና የፈሳሽ ነገር ነው፤ ለሰውና ለገንዘብ ብዛት የተነገረው በምሳሌነት ነው። ከከዋክብት ወደ ሰው ይፈሳል ይባል ለነበረው ኃይል የተሰጠው «ኢንፍሉዌንስ»፥ በኢጣልያንኛ በኩል የመጣው የበሽታ ስም «ኢንፍሉዌንዛ» ሳይቀር የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

የእኛ «ፍልሰት» ግን ፈለሰ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ይኸውም ከቦታ ተነቅሎ መሄድ ነው። ፈላሲ የሚባለውም አገሩን ትቶ የሄደ ሰው ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛው በተቀባዩ ደጃፍ ቆሞ የሚገባውን ይቈጥራል፤ ግዕዙ በተለቀቀው መንደር ቆሞ የሚወጣውን ያያል።

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ስለሚወርዱ የአዋሽ ገባር እንላቸዋለን። «ገባር» ግን ገባ ከሚለው ሳይሆን ገበረ ከሚለው የወጣ ነው፤ ግብር ከሚከፍለው ሰው ወደ ወንዝ ተሻገረ። «ኢንፍላክስ» በአንጻሩ ከወንዝ ወደ ሰው ተሻገረ። አደጋውም ከዚህ ላይ ነው።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለ ተተከለ፥ ሥራ ፈላጊ ከልዩ ልዩ አገር ወደ ሥፍራው መጣ። ይህን «የሰው ጎርፍ» ብሎ መጻፍ ይቀላል። ነገር ግን ጎርፍ ለምን መጣህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሠራተኛው ግን አስቦና መርጦ፥ ወይም ተቸግሮ የተነሣ ሰው ነው። ከእርሱም አስቀድሞ ያንን መሬት የሚያርስ የኦሮሞ ገበሬ ነበረ፤ ጎርፍ የሚለው ቃል እርሱን ጨርሶ ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ስለ አቃቂ የሚጽፍ ሁሉ ቃሉን ከመምረጡ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እናሳስባለን፤ የመጣው ከየት ተነሣ? ለምን ወደዚህ ገባ? ሲገባስ ማንን አገኘ?