ተጋጣሚ ፍለጋ

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። ለሩጫ ይሁን። ለጨዋታ ግን አይሠራም። ብቻውን ገበጣ ፊት የተቀመጠ ሰው አይሸነፍም፣ አያሸንፍምም፤ ጠጠር ይቆጥራል እንጂ።

ይህ ጣጣ ከሁሉ የሚብሰው ጠረጴዛ ላይ በጥቃቅን ወታደሮች ጦርነት በሚጫወቱ ሰዎች ላይ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው። ጣት የሚያክሉ የእርሳስ ወይም የፕላስቲክ ወታደሮች አንድ በአንድ ቀለም ይቀባሉ። ጠረጴዛው ላይ ኮረብታ፣ ወንዝና መንደር ይሠራል። ሁለቱ «ጄኔራሎች» ሠራዊታቸውን በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፤ ማን ቆሞ እንደቀረ፣ ማን እንደወደቀ ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። አንድ ውጊያ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሠራዊቱን ቀብቶ መጨረስማ የወራት ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ደክሞ ቀና ሲል ተጋጣሚ ያጣ ሰው የመደርደሪያ ጌጥ ሠራ ማለት ነው።

ጨዋታው ረጅም ዕድሜ አለው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። በ1824 ፎን ራይስቪትስ የሚባል ወጣት መኮንን ያቀረበውን የጦርነት ጨዋታ የፕሩሺያ ጦር ተቀበለው። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች ወለል ላይ የሚካሄድ ጦርነት ሕግ ጽፎ በመጽሐፍ አወጣ። ለፕሩሺያው መኮንን ተጋጣሚ በትእዛዝ ይመጣለታል። ዌልስም እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነበረው። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር ተራ ደመወዝተኛስ ከወዴት ያምጣ?

ሌክ ጄኔቫ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ከቺካጎ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። በ1960ዎቹ ነዋሪዋ አምስት ሺህ ያህል ነበር። ጌሪ ጋይጋክስ የሚባል የኢንሹራንስ ሠራተኛ እዚያ ይኖር ነበር፤ የጦርነት ጨዋታ ፍቅር ጠንቶበታል። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚተርኩት፣ ሚስቱ አምሽቶ መግባቱ ሲበዛባት «ሌላ ሴት ይዟል» ብላ ተከታትላው ሄደች። ያገኘችው ግን ጓደኛው ምድር ቤት ውስጥ ካርታ ላይ አጎንብሶ ነው።

ታዲያ ከአምስት ሺህ ሰው መካከል እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው ስንት ይገኛል? ጋይጋክስ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። አቫሎን ሂል የተባለው የጨዋታ አሳታሚ ከ1964 ጀምሮ የሚያወጣው «ዘ ጄኔራል» የተሰኘ መጽሔት ተጋጣሚ የሚፈልጉ ሰዎች ማስታወቂያ የሚያወጡበት ዓምድ ነበረው። እሱም እዚያ ላይ አስታወቀ፤ ዓይናቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ደብዳቤ ተጻጻፈ። በ1967 ሃያ ያህል ሰዎች ቤቱ ተሰብስበው ተጫወቱ። በዓመቱ ቤቱ አልበቃ አለ፤ የከተማዋን የአትክልተኞች አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራየ። መግቢያው አንድ ዶላር ነበር። መቶ ያህል ሰው መጣ፤ ኪራዩም ወጣ። ጄን ኮን የሚባለው ዓመታዊ ጉባኤ የተጀመረው እንዲህ ነው።

በዓመት አንድ ቀን የሚሰበሰብ ሰው ግን ማኅበር አይሆንም። ማኅበሩን የሠራው በየሳምንቱ የሚደረገው ነገር ነው። ጋይጋክስ ምድር ቤቱ ውስጥ ትልቅ የአሸዋ ጠረጴዛ ነበረው። አሸዋ ደግ ነገር ነው፤ ዛሬ ኮረብታ፣ ነገ ሸለቆ ይሆናል። የሠፈሩ ጎረምሶችም ትልልቆቹም በዚያ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ወታደር የሌለው በሌላው ወታደር ይጫወታል፤ ሕጉን የማያውቅ አጠገቡ ያለውን እየጠየቀ ይማራል። ከመካከላቸው ጄፍ ፔረን የተባለው የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኞች አሻንጉሊትና አራት ገጽ የማትሞላ ሕግ ይዞ መጣ። ጋይጋክስ ሕጉን አስፋፋው፤ በ1971 «ቼይንሜል» ተብሎ ታተመ። መጨረሻው ላይ ጠንቋይና ዘንዶ የሚዋጉበት ክፍል ተጨመረበት። በመሃል፣ በ1970፣ ሰውዬው ከኢንሹራንስ ሥራው ተባሮ ጫማ እየጠገነ ልጆቹን ያበላ ነበር። ጠረጴዛው ግን አልታጠፈም።

በ1969ኙ ጉባኤ ዴቭ አርንሰን ከሚባል የሚኒሶታ ወጣት ጋር ተዋወቁ። እሱም አገሩ ላይ የራሱ ጠረጴዛና የራሱ ጓደኞች ነበሩት። እዚያ ጨዋታው መልኩን ቀይሮ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት መምራቱን ትቶ አንድ ጀግና ሆኖ ይገባበት ጀመር። አርንሰን ይህን ይዞ ሌክ ጄኔቫ ድረስ መጥቶ አሳያቸው። በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው ጨዋታ በአንድ ሺህ ቅጂ ወጣ፤ ሳጥኖቹን ቤት ውስጥ በእጃቸው ነበር ያዘጋጇቸው። ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ሽፋኑ ላይ የሁለት ሰዎች ስም አለ። እውነቱን ለመናገር ግን የወለዱት ሁለት ጠረጴዛዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የገንዘብ ታሪክ ነው፤ ገንዘብ ባለበት ደግሞ ክስ አይጠፋም። አርንሰን በ1979 ድርሻዬ ይሰጠኝ ብሎ ከሰሰ። በ1985 ጋይጋክስ ራሱ በመሠረተው ኩባንያ ላይ የነበረውን ሥልጣን አጣ። በ1997 ኩባንያው ለሌላ ተሸጠ። ጉባኤው ግን አልሞተም። አዳራሽ እየቀየረ ኢንዲያናፖሊስ ገባ፤ በ2023 ከ70,000 በላይ ሰው ተገኝቶበታል።

ጋይጋክስ መጋቢት 2008 ሲሞት ደግሞ ለቀስተኞቹ ከቀብር መልስ አዳራሽ ገብተው ዳይስ ይጥሉ ጀመር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወት ያመሸ ይገባዋል። ያ የለቅሶ ጨዋታ በዓመቱ ተደገመ፤ ጌሪ ኮን ተብሎም እዚያው ሌክ ጄኔቫ ዓመታዊ ስብሰባ ሆነ። እድራችን ቢሆን ይህን ሰው ጸሐፊም ዳኛም ያደርገው ነበር። ጥሪውን የጻፈ፣ ኪራዩን የከፈለ፣ ወንበር የደረደረ እሱ ነውና።

እኛስ? እኛም ነበረን። ሰንጠረዥ የሚባል የራሳችን ጨዋታ ነበረን፤ የቼዝ ዘመድ ነው፤ ንጉሥ አለው፣ ፈረስ አለው። አጀማመሩ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ይህ ወረራ ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሳልት ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ አይቷል። የገረመው ጫጫታው ነው። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጥ ነበር።

ያ ጫጫታ ነው እኮ ማኅበሩ! ዛሬ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ነገ ተጫዋች ነው። ሆኖም ጨዋታው ከመኳንንቱ አዳራሽ ብዙም አልራቀም። አዳራሹ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ ጽፎ ባያቆይልን ኖሮ ከዚህም ያነሰ በቀረን። አጋጣሚ ሆኖ ያ ዓመት «ቼይንሜል» የታተመበት ነው። የእነሱ ሕግ ሲታተም ተጫዋቾቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ። የእኛ ሲታተም ተጫዋቾቹ አልቀው ነበር።

አሁን ሰንጠረዥ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ውስጥ ያለው ባለመስመር ሣጥን ነው። ቃሉ ሥራ ቀይሮ ኖረ፤ ጨዋታው ቀረ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ያግዘናል። ሰንጠረዥን የሚያስነሳ ሰው ከተገኘ፣ ገበታውን በወርቅ ቀለም አሳትሞ ለቱሪስት በመሸጥ አይጀምር። ሕጉ ወረቀት ላይ አለ፤ ጠጠሩን የሠፈር አናጢ ይሠራዋል። የጠፋው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የታወቀ ቦታ፣ የታወቀ ሰዓት፣ ሁለት ወንበር፣ ዙሪያውን ደግሞ ለሚጮኹት አንድ ረጅም አግዳሚ።