የነዳጅ እጥረት፣ የሠራተኞች ጉዳይ እና ከርቀት የሚሠራ ሥራ፦ የምክር ቤት ኮሚቴዎች ማንን፣ ምን ይጠይቃሉ?

በሚያዝያ 2022 (እአአ) በኬንያ ከተሞች በነዳጅ ማደያዎች ደጃፍ ረጃጅም የመኪና ሰልፎች ታዩ። ባለታክሲዎች፣ ባለሞተሮች እና የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ነዳጅ ፍለጋ ከማደያ ማደያ ሲንከራተቱ ዋሉ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ነዳጁ የት ገባ?"

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለባለሥልጣን አቅርቦ መልስ የመቀበል ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ለምክር ቤት ኮሚቴዎች ነው። ሰው ሁሉ ስብሰባውን በቴሌቪዥን ያያል እንጂ ኮሚቴዎቹ ማንን የመጥራት፣ ምን የማስገደድ መብት እንዳላቸው በውል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ በኬንያ ተሞክሮ ላይ ተመሥርቶ አሠራሩን ያብራራል፤ ከኢትዮጵያ ሕግ ጋርም ያነጻጽራል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ መልኩ ካልተገለጹ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሚቴዎች ሥልጣናቸውን ከየት ያገኛሉ?

የኬንያ ፓርላማ ብሔራዊ ምክር ቤት እና ሴኔት የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 125 ማናቸውም ኮሚቴ ማንኛውንም ሰው ለምስክርነት የመጥራት ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። በዚህ ረገድ ኮሚቴው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ያህል ሥልጣን አለው፤ ምስክር በቃለ መሐላ ይመረምራል፣ ሰነድ እንዲቀርብለት ያስገድዳል።

በኬንያ ሚኒስትሮች "የካቢኔ ጸሐፊ" ተብለው ይጠራሉ፤ የምክር ቤት አባልም መሆን አይችሉም። በመሆኑም ኮሚቴው ከሕዝብ ተወካዮች ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ዋና መድረክ ሆኗል። አንቀጽ 153 የካቢኔ ጸሐፊ በኮሚቴ ሲጠራ ቀርቦ በኃላፊነቱ ሥር ስላለው ጉዳይ የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ይገልጻል። በ2017 የወጣው የፓርላማ ሥልጣንና ልዩ መብት ሕግ ደግሞ፣ በአግባቡ ተጠርቶ የማይቀርብ ሰው እስከ 500 ሺህ ሽልንግ ሊቀጣ እንደሚችል ያመለክታል።

በኢትዮጵያ መነሻው በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን እና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። የዕለት ተዕለት ክትትሉን የሚያከናውኑት ቋሚ ኮሚቴዎች ሲሆኑ፣ የመሥሪያ ቤቶችን የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ይገመግማሉ፤ የመስክ ምልከታም ያደርጋሉ።

የአቅርቦት እጥረት፦ ዕቃው አለ ወይስ የለም?

የእጥረት ምርመራ ሁልጊዜ ከሦስት ጥያቄዎች አይወጣም። በመጋዘን ምን ያህል ዕቃ አለ? ለዕቃው መከፈል ያለበት ገንዘብ ተከፍሏል? ዕቃው ለማን እየተሸጠ ነው?

የኬንያው ቀውስ ሦስቱንም ይነካ ነበር። የአገሪቱ የኢነርጂ እና ነዳጅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የችርቻሮ ጣሪያ ዋጋ በየወሩ ይወስናል። የዓለም ገበያ ዋጋ ሲንር መንግሥት ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ የዋጋውን ልዩነት ለነዳጅ ኩባንያዎች በድጎማ ለመክፈል ቃል ገባ። የድጎማው ምንጭም ራሱ ተጠቃሚው ነበር፤ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ የሚጣለው የነዳጅ ልማት ቀረጥ ከ0.40 ወደ 5.40 ሽልንግ አድጎ ነበርና።

ዋጋው በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ይበልጥ ሲያሻቅብ ለኩባንያዎቹ ያልተከፈለው ውዝፍ ተከማቸ። ኩባንያዎቹ ገንዘባችን በመንግሥት እጅ ቀረ አሉ። መንግሥት በበኩሉ ነዳጅ በመደበቅና ለጎረቤት አገራት ገበያ ቅድሚያ በመስጠት ከሰሳቸው። በሞምባሳ ወደብ የሚራገፈው ነዳጅ ዩጋንዳን፣ ሩዋንዳን፣ ደቡብ ሱዳንንና ምሥራቅ ኮንጎን ጭምር ስለሚያዳርስ፣ የናይሮቢ ውዝፍ ዕዳ ካምፓላ እና ጁባ ድረስ ጭንቀት መፍጠሩ አልቀረም። የቤንዚን ድጎማው በመስከረም 2022፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ሥልጣን እንደያዙ ተነሣ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ኮሚቴ የሚኒስትሩን ማብራሪያ ብቻ ከሰማ የሚያገኘው የአንድ ወገን ታሪክ ነው። የወደብ ማራገፊያ መዝገብ፣ የማከማቻ ጋኖች ልኬት እና የግምጃ ቤት የክፍያ ሰነድ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን እጥረቱ ከዕቃ ማነስ ይምጣ ከገንዘብ መዘግየት መለየት ይቻላል።

የሠራተኞች ጉዳይ፦ 89 ሞት እና አንድ ምክንያት

የኮሚቴ ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚመለከት ሲሆን ክብደቱ ይለያል። በ2021 የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ የነበሩት ማቻሪያ ካማው በብሔራዊ ምክር ቤቱ የሠራተኛ ጉዳዮች ኮሚቴ ፊት ቀርበው ነበር። በ2020 እና በ2021 በሳዑዲ አረቢያ 89 ኬንያውያን መሞታቸውን ለኮሚቴው ተናገሩ፤ አብዛኞቹም የቤት ሠራተኞች ነበሩ። በሳዑዲ በኩል ለሞታቸው የተሰጠው ምክንያት የልብ ምት መቆም የሚል ነበር። ዋና ጸሐፊው ይህን ያህል ወጣት ሁሉ በአንድ ዓይነት ምክንያት መሞቱን እንደሚጠራጠሩ ገለጹ። መሥሪያ ቤታቸው የቤት ሠራተኞች ጉዞ ለጊዜው እንዲታገድም ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ይህ አሃዝ በይፋ የተነገረው አንድ ኮሚቴ ስለጠየቀ ነው። ሆኖም የኮሚቴው ሥልጣን ወሰን አለው። የናይሮቢ ኤጀንሲን፣ ፈቃድ የሰጠውን መሥሪያ ቤትና የኤምባሲ ኃላፊን መጥራት ይችላል፤ በሪያድ የሚኖረውን አሠሪ ግን ማስገደድ አይችልም። ስለዚህ የጥያቄው ክብደት የሚያርፈው በአገር ውስጥ ባለው ሰንሰለት ላይ ነው፤ ውሉን ማን አየው? ፓስፖርቷን ማን ያዘው? ስልክ ስትደውል ማን አነሣላት?

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2013 ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አግዳ፣ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ጉዞውን በሕግ ለማስተዳደር ሞክራለች። ሕጋዊው መንገድ ሲዘጋ ብዙዎች የቀይ ባሕርን ባሕረኛ መንገድ መምረጣቸው፣ ማንኛውም ኮሚቴ እገዳን ከማቅረቡ በፊት ሊያስበው የሚገባ ነው።

ከርቀት መሥራት፦ ቢሮው የት ነው? ተጠያቂውስ?

የኮሮና ወረርሽኝ ብዙ ሠራተኞችን ወደ ቤታቸው ሲልክ ሕጉ ከኋላ ቀረ። በ2022 ለኬንያ ሴኔት የቀረበ የቅጥር ሕግ ማሻሻያ ረቂቅ፣ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ የአሠሪውን ስልክና መልእክት ያለመመለስ መብት እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። የአሠሪዎች ፌዴሬሽን ተቃወመው። ክርክሩ ቀላል የሚመስል ግን ከባድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ቤት ሥራ ቦታ ከሆነ የሥራ ቀን መቼ ያበቃል?

ሌላው ገጽታ አሠሪውና ሠራተኛው በተለያየ አህጉር የሚገኙበት ሥራ ነው። በናይሮቢ ሳማ በተባለ ኩባንያ ሥር ለፌስቡክ ይዘት የሚያጣሩ ሠራተኞች ነበሩ፤ አማርኛ ተናጋሪዎችም ይገኙባቸዋል። ዘግናኝ ምስሎችን ቀን ከቀን በማየታቸው የአእምሮ ጉዳት ደርሶብናል ያሉ ሠራተኞች ክስ መሠረቱ። በ2023 ደግሞ ቻትጂፒቲን ለማሠልጠን የሠሩ የቀድሞ ሠራተኞች የሥራቸው ሁኔታ እንዲመረመር ለፓርላማው አቤቱታ አስገቡ። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመስከረም 2024 ሜታ በኬንያ ሊከሰስ ይችላል ሲል ወስኗል።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ውስጥ ስለሚከናወን ሥራ ውል የሚናገር ክፍል አለው። አነጋገሩ ግን ጥሬ ዕቃ ተቀብሎ ምርት የሚመልስን ባለሙያ ታሳቢ ያደረገ እንጂ በኮምፒውተር ለባሕር ማዶ ድርጅት የሚሠራን ወጣት አይመስልም።

ከጥያቄው በኋላስ?

ኮሚቴ ፍርድ አይሰጥም፤ ሪፖርት ጽፎ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። በኬንያ ብሔራዊ ምክር ቤት ደንብ መሠረት፣ ሪፖርቱ ከጸደቀ በኋላ የሚመለከተው የካቢኔ ጸሐፊ በ60 ቀናት ውስጥ ምን እንደፈጸመ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ብዙ ምርመራ ተረስቶ የሚቀረው በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ስድሳኛውን ቀን መቁጠር የጋዜጠኛም የዜጋም ሥራ ነው።

የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 119 "ማንኛውም ሰው" ለፓርላማ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። ቃሉ "ዜጋ" አለማለቱ በናይሮቢ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሌሎች የቀጣናው ሰዎች ትርጉም አለው። ደመወዙ የቀረበት ወይም በሥራው የተጎዳ ሰው ጉዳዩን የኮሚቴው ጥያቄ እንዲሆን የማድረግ ዕድል አለው፤ ለዚህም ውሉን፣ የደመወዝ ደረሰኙንና የተላኩለትን መልእክቶች መያዙ ይጠቅመዋል።