ፉአድ አል ሙሐንዲስ፤ በድምፅ ብቻ ያሳቀ ተዋናይ

ፉአድ አል ሙሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. በካይሮ ተወለደ። አባቱ ዘኪ አል ሙሐንዲስ በካይሮው የአረብኛ ቋንቋ አካዳሚ በምክትል ፕሬዚዳንትነት ያገለገሉ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። የሊቁ ልጅ ዝናን ያተረፈው ግን ሕዝቡ በገበያና በየቤቱ በሚናገረው አረብኛ ነው። ሆኖም ቃላትን ጥርት አድርጎ የማውጣት ችሎታው የአባት ቤት ውርስ ሳይሆን አይቀርም።

የግብፅ ራዲዮ በ1934 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በ1950ዎቹ ደግሞ «ሳዓ ሊቀልበክ»፣ ማለትም «አንድ ሰዓት ለልብህ» የተሰኘው የቀልድ ዝግጅት መተላለፍ ያዘ። በዚህ ዝግጅት ፉአድና ኸይሪያ አሕመድ ባልና ሚስት ሆነው ይጫወቱ ነበር። በመድረክ ላይ ፊትና እጅ የቃሉን ጉድለት ይሸፍናሉ፤ በማይክሮፎን ፊት ግን የሚስት ማቆላመጥም ሆነ የባል ብስጭት ለአድማጭ የሚደርሰው በድምፅና በትንፋሽ ብቻ ነው። ዝምታው እንኳ ተለክቶ መግባት ነበረበት።

በኋላ ቲያትሩና ፊልሙ፣ በተለይም ከሹዌካር ጋር የሠራቸው፣ ስሙን በአረቡ ዓለም አገነኑት። ይሁን እንጂ ራዲዮን አልተወም። ደራሲው አሕመድ ባህጋት በሚጽፍለት «ከልመቴን ወበስ»፣ ማለትም «ሁለት ቃላት ብቻ» በተሰኘው አጭር ዝግጅቱ የቢሮክራሲን መጓተትና የኅብረተሰቡን ጉድፍ በዚያው በመንግሥት ራዲዮ ይነቅፍ ነበር። በደረቅ ንግግር ቢቀርብ ኖሮ የሚያስኮርፈው ወቀሳ፣ በእርሱ አንደበት ለዓመታት በየማለዳው ተደመጠ። ፉአድ በመስከረም 2006 ዓ.ም. አረፈ።