772 ውርወራ በ9 ቀን፦ ጃፓን የተማሪዎቿን ክንድ መቁጠር ለምን ጀመረች?

አንድ የ16 ዓመት ተማሪ በ9 ቀን ውስጥ 5 ጨዋታ ተጫወተ። በመጀመሪያው ጨዋታ 232 ጊዜ ኳስ ወረወረ። በሁለተኛው 159። ከዛ በሦስት ተከታታይ ቀናት 138፣ 134 እና 109። ሲደመር 772። የመጨረሻው ጨዋታ ፍጻሜው ነበር፤ ቡድኑ 17 ለ 1 ተሸነፈ።

ልጁ ቶሞሂሮ አንራኩ ይባላል። አገሩ ጃፓን፣ ዓመቱ 2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዚያው ዓመት የቀኝ ክርኑ ተጎዳና ለወራት ከመወርወር ራቀ። ይሄ የሱ ብቻ ታሪክ አይደለም። ቤዝቦል አይታችሁ የማታውቁ ከሆነም ችግር የለውም፤ ከመጀመሪያው እንሂድ።

▪️ ፒቸር ማነው?

በቤዝቦል አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ተቃራኒው ደግሞ በዱላ ለመምታት ይሞክራል። ወርዋሪው ፒቸር ይባላል። ጨዋታው ውስጥ ያሉት ሁሉም ነገሮች የሚጀምሩት ከሱ እጅ ነው። ፒቸሩ ጎበዝ ከሆነ ተቃራኒ ቡድን ነጥብ ማግኘት ይከብደዋል። ስለዚህ አንድ ጎበዝ ፒቸር ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት ትልልቆቹን ማሸነፍ ይችላል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፦ ልጁ እስካለ ድረስ ማንም ሊያሳርፈው አይፈልግም።

▪️ ኮሺየን ምንድነው?

ኮሺየን ኒሺኖሚያ ከተማ ያለ፣ በ1924 የተሠራ ስታዲየም ነው። የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ውድድር እዚያ ይካሄዳል። የበጋው ውድድር የተጀመረው በ1915 ነው። በነሐሴ ሙቀት 49 ትምህርት ቤቶች ይገናኛሉ፣ አገር ሙሉ በቴሌቪዥን ይከታተላል።

ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ነው። አንዴ ከተሸነፍክ በቃ፣ ወደ ቤት። የተሸነፉት ተጫዋቾች እያለቀሱ ከሜዳው አፈር ለማስታወሻ ዘግነው ይሄዳሉ። አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ደግሞ ሌላ ዕድል የለውም። እንዲህ ባለ ቀን «ክንዴን አመመኝ» የሚል ልጅ ታገኛላችሁ?

▪️ ክንዱ ላይ ምን ይሆናል?

በክርን ውስጠኛው ጎን ሁለቱን አጥንቶች የሚያያይዝ ጅማት አለ። በሙሉ ኃይል ኳስ በተወረወረ ቁጥር ይሄ ጅማት በኃይል ይወጠራል። እረፍት ካገኘ ያገግማል። ካላገኘ ትንንሹ ጉዳት ይደራረብና አንድ ቀን ይበጠሳል። ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው፦ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ በቦታው ይተካል። ይሄን ቀዶ ሕክምና ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩት ቶሚ ጆን ለተባለ ፒቸር ነው፤ ስሙም በሱ ቀረ።

ታዳጊዎች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አጥንታቸው ገና እያደገ ነው፣ የሚያድግበት ቦታ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል።

በአሜሪካ በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ክንዳቸው ደክሞ እያለ አዘውትረው የሚወረውሩ ታዳጊዎች ለቀዶ ሕክምና የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ 36 እጥፍ ነው። ልብ በሉ፣ ዋናው ጠላት ውርወራው ሳይሆን ደክሞ መወርወሩ ነው።

▪️ ታዲያ ለምን ዝም ተባለ?

ጀግና ስለሚያደርግ። በ1998 ዳይሱኬ ማትሱዛካ በአንድ ጨዋታ 250 ጊዜ ወረወረ። በማግስቱ ለአጭር ጊዜ ገባ፣ በሦስተኛው ቀን ፍጻሜው ላይ ተቃራኒ ቡድን አንድም ኳስ መትቶ ሳይሳካለት ዋንጫ አነሳ። ጃፓን እስከዛሬ ታወራዋለች። በ2011 የክርን ቀዶ ሕክምና ማድረጉን ግን ያን ያህል የሚያነሳው የለም።

በ2006 ዩኪ ሳይቶ በ7 ጨዋታ 948 ጊዜ ወረውሮ ሻምፒዮን ሆነ። በፕሮፌሽናል ሕይወቱ ያሸነፈው 15 ጨዋታ ብቻ ነው፣ በ2021 ጫማውን ሰቀለ። በዚያው ፍጻሜ የተሸነፈው ማሳሂሮ ታናካ ግን እስከ ኒውዮርክ ያንኪስ ደረሰ። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው፦ አንዱ ይጎዳል፣ አንዱ ይተርፋል፣ ሰው የተረፈውን እያየ «ምንም አይሆንም» ይላል።

ያልተረፉትስ? በ1991 ሪን ኦኖ የተባለ የኦኪናዋ ተማሪ በተጎዳ ክርን 773 ጊዜ ወረወረ። ከዛ በኋላ ፒቸር ሆኖ አልተመለሰም።

▪️ «አይገባም» ያሉት አሰልጣኝ

ሐምሌ 2019፣ ኢዋቴ ክልል። የኦፉናቶ ትምህርት ቤት ፒቸር ሮኪ ሳሳኪ 17 ዓመቱ ነው፤ በዚያው ዓመት ኳስ በሰዓት 163 ኪሎ ሜትር ወርውሮ አገሩን አስደንግጧል። ሐምሌ 21 ቀን 194 ጊዜ ወረወረ። ሐምሌ 24 ደግሞ 129። በማግስቱ የክልሉ ፍጻሜ ነው፤ ያሸነፈ ኮሺየን ይገባል። ትምህርት ቤቱ ኮሺየንን ካየ 35 ዓመት ሆኖታል።

አሰልጣኝ ዮሄይ ኮኩቦ ሳሳኪን ጨርሶ አላስገቡትም። ምክንያታቸው ጉዳት ለመከላከል የሚል ነበር። ቡድኑ 12 ለ 2 ተሸነፈ።

ከዛማ ወቀሳው ወረደ። ትምህርት ቤቱ የተቃውሞ ስልክ ጎረፈለት። የቀድሞው ኮከብ ኢሳኦ ሃሪሞቶ በቴሌቪዥን ቀርበው መወርወር ነበረበት አሉ። በአሜሪካ የሚጫወተው ዩ ዳርቪሽ ደግሞ አሰልጣኙን ደገፈ።

ሳሳኪ ሚያዝያ 2022 ላይ በ20 ዓመቱ አንድም ተጫዋች ሳያሳልፍ ጨዋታ ጨረሰ፤ በጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ በ28 ዓመት የመጀመሪያው ነበር። በ2025 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ገባ። እውነቱን ለመናገር እዚያም ትከሻውን ታሞ ለወራት ወጥቷል። እረፍት ዋስትና አይደለም ማለት ነው። ግን ክንዱን በ17 ዓመቱ አልጨረሰም።

▪️ ሕጉ ምን ይላል?

በ2018 ኮሴ ዮሺዳ የተባለ የአኪታ ግብርና ትምህርት ቤት ተማሪ በኮሺየን በ6 ጨዋታ 881 ጊዜ ወረወረ፣ የመጨረሻዎቹን 570 በ5 ቀን ውስጥ። ሕዝቡ ወደደው፣ ግን ጥያቄውም በረታ። ፌዴሬሽኑ ከ2020 ጀምሮ አንድ ፒቸር በአንድ ሳምንት ከ500 በላይ እንዳይወረውር ከለከለ።

ሕጉ ያኔ ቢኖር ኖሮ ዮሺዳ ለግማሽ ፍጻሜው የሚቀረው 42 ውርወራ ብቻ ነበር። እሱ ግን በዚያ ቀን 134 ጊዜ ወረወረ።

500 ራሱ ብዙ ነው የሚሉ አሉ። በአሜሪካ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል መመሪያ ለ17 እና 18 ዓመት ልጆች በቀን ቢበዛ 105 ይላል፣ 81 እና ከዚያ በላይ ከወረወሩ 4 ቀን እረፍት። በዚህ ስሌት አንድ ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ እስከ ጣሪያው ቢወረውር 210 ነው። ከ2017 ጀምሮ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የውርወራ ገደብ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል፤ ቁጥሩን ግን እያንዳንዱ ግዛት ነው የሚወስነው።

▪️ ቁጥር ለምን ይጠቅማል?

ልጁ «አልችልም» አይልም፣ ጓደኞቹን መክዳት ይመስለዋል። አሰልጣኙም ማሸነፍ ይፈልጋል። ወላጅም ልጁ ታዋቂ ሲሆን ደስ ይለዋል። ኮኩቦ ብቻቸውን ወሰኑ፣ ስድቡንም ብቻቸውን ተሸከሙ። ሕግ ካለ ግን ማንም ጀግና መሆን አይጠበቅበትም። ቁጥሩ ሲሞላ ልጁ ይወጣል፣ አለቀ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ካላችሁና ልጁ ቤዝቦል የሚጫወት ከሆነ ይሄን ላኩለት። ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ልጁ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ወረወረ? የቆጠረውስ ማነው? በትምህርት ቤትም በክለብም የሚጫወት ከሆነ ሁለቱም ይደመሩ፤ ክንዱ አንድ ነው።